ባንኩ ከሳሽ፣ ባንኩ ዳኛ፣ ባንኩ አስፈጻሚ!

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት በብድርና በደመወዝ ሒሳብ ጉዳይ ለተሰበሰቡ ደመወዝተኞችና አነስተኛ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የሕግ ባለሙያ ናቸው። ንግግሩን እንደተነገረ አቅርበነዋል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትልቅ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ወር ደመወዝ ነው። በዚች አገር ግን የወር ደመወዝ ራሱ ትልቅ ፖለቲካ መሆኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ከባንክ ይበደራል። መጀመሪያ ደህና አድርጎ ይከፍላል። ከዚያ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ዘይትና ጤፍ ሰማይ ይወጣሉ፣ ልጅ ይታመማል፤ ሁለት ሦስት ወር ሳይከፈል ያልፋል። አንድ ቀን ደመወዝ ገብቷል ተብሎ ወደ ባንክ ሲኬድ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ለብድር ተቆርጧል" ትላለች፤ አለቀ። ማን ከሰሰ? ባንኩ። ማን ፈረደ? ባንኩ። ማን አስፈጸመ? አሁንም ባንኩ። ከሳሽም፣ ዳኛም፣ አስፈጻሚም አንድ ሆኖ ሲገኝ ተከሳሹ ምን ይሆናል? ያው ሲመሽ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

ታዲያ ይኼ መብት ነው ወይስ ጉልበት? ብዙ ሰው "ዘረፋ ነው!" ይላል። የባንክ ሰዎች ደግሞ "ውል ፈርመሃል፣ ምን አግብቶህ ትናገራለህ?" ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ባንኩ መብት አለው፤ መብቱ ግን አጥር ያለው መብት ነው። አጥሩን ሲዘልል ነው ጉልበት የሚሆነው። ዛሬ የማሳያችሁም አጥሩ የት የት እንደተተከለ ነው።

አባቶቻችን ስለ ዕዳ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። "ቁራኛ" የሚባለውን ታውቃላችሁ። ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተሳስረው ጉዳያቸው እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ ስናየው አሳፋሪ ሥርዓት ነው፤ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በቁራኛ ጊዜ የታሰረው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም። አበዳሪውም ታስሯል፤ ሥራ ፈትቷል፤ እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ሁለቱም ቶሎ ዳኛ ፊት ለመድረስ ይጣደፉ ነበር። የዛሬው ቁራኛ ግን የተቋጠረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ባንኩ ቁልፉን ይዞ ይተኛል፤ ባለዕዳው ብቻውን ተቋጥሮ ያድራል።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንግባ። "ያስቀመጥኩት ገንዘብ የእኔ ነው፤ እንዴት ይነኩታል?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። መልሱ ደስ አይልም፤ ግን ማወቅ ይበጃል። ገንዘባችሁን ባንክ ስታስገቡ በካዝና ውስጥ ስማችሁ ተጽፎበት የተቀመጠ ብር የለም። ባንኩ ገንዘቡን ለሥራው ያውለዋል፤ ለእናንተ ደግሞ ስትጠይቁት የመክፈል ግዴታ ይገባል። በቀላል አማርኛ፣ ባንኩ የእናንተ ባለዕዳ ነው ማለት ነው። እንግሊዞች ይህንን ከ170 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ፎሊ እና ሂል በሚባሉ ተከራካሪዎች ጉዳይ በከፍተኛው ፍርድ ሸንጓቸው ወስነውታል። የእኛም የ1952ቱ የንግድ ሕግ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ በእናንተና በባንኩ መካከል ሁለት ዕዳ አለ። እናንተ የብድሩን ገንዘብ ለባንኩ ትከፍላላችሁ፤ ባንኩ ደግሞ የተቀማጩን ገንዘብ ለእናንተ ይከፍላል። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሲፈላለጉ ዕዳቸው እንዲቻቻል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1831 ጀምሮ ይፈቅዳል። ይህ "ማቻቻል" ይባላል። እኔ መቶ ብር አበድሬህ፣ አንተም መቶ ብር አበድረኸኝ ከሆነ ሁለታችንም ፍርድ ቤት የምንንከራተትበት ምክንያት የለም። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ጤነኛ ሕግ ነው።

ግን ሕጉ እዚህ ላይ አላቆመም። ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጧል። የባንክ ሰዎች ስለ ማቻቻል ሲያወሩ የማያነሡት ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ዕዳው የሁለቱ ሰዎች መሆን አለበት። እኔ ስበደር የባለቤቴ፣ የወንድሜ ወይም የልጄ ሒሳብ አብሮ አልተበደረም። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲበደር ማኅበሩ ነው ባለዕዳ የሆነው፤ ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለድርሻው በራሱ ስም ያስቀመጠው ገንዘብ የማኅበሩ ገንዘብ አይደለም። ዋስ ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው። የዋስ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ተራ ዋስ "መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይ" የማለት መብት አለው። "በአንድነትና በተናጠል" ብሎ የፈረመ ዋስ ግን ይህንን ጋሻ በገዛ እጁ ጥሏል። ስለዚህ ለጓደኛችሁ ዋስ ስትሆኑ እነዚያን ሁለት ቃላት አይታችሁ ፈርሙ። በብዙ ቤት ትዳር ያናጉ ቃላት ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ዕዳዎች የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ መሆን አለበት። የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ዛሬ አልደረሰም። ባንኩ "ሳልቀደም ልቅደም" ብሎ ገና ያልደረሰ ክፍያ ሊቆርጥ አይችልም፤ በውሉ መሠረት ብድሩ በሙሉ ተከፋይ ሆኗል ካልተባለ በስተቀር። በተቃራኒውም ተመልከቱት። ለተወሰነ ጊዜ የተቀመጠ ገንዘብ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ባንኩም ለእናንተ የሚከፍለው ዕዳ ገና አልደረሰም።

ሦስተኛ፣ የዕዳው መጠን ቁርጡ የታወቀ መሆን አለበት። "ይኼ ቅጣት ከየት መጣ? ይኼ ወለድ እንዴት ተሰላ? የመስከረሙን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ይኸውና!" የሚል እውነተኛ ክርክር ካለ ቁርጡ ገና አልታወቀም። ክርክር ባለበት ቦታ ቁርጡን የሚያውቀው ዳኛ እንጂ አንደኛው ተከራካሪ አይደለም።

"ታዲያ ውሉስ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዛሬ የባንክ ብድር ውል ሁሉ ማለት ይቻላል "ባንኩ ደንበኛው በማንኛውም ቅርንጫፍ ካለው ማንኛውም ሒሳብ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቀንስ ይችላል" የሚል ዓይነት አንቀጽ አለው። በጥቃቅን ፊደል ከገጹ ግርጌ አካባቢ ታገኙታላችሁ። ውል ሕግ ነው፤ የፈረመ ይታሰርበታል። ነገር ግን የዚያ ውል ደራሲ ማን ነው? ባንኩ ብቻውን ነው። ተበዳሪው አንዲት ቃል የመሰረዝ ዕድል አልነበረውም፤ ወይ ይፈርማል፣ ወይ ብድሩን ትቶ ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህንን አስቀድሞ አይቶታል። በአንቀጽ 1738 መሠረት የውል ቃል ሲያጠራጥር የሚተረጎመው ለባለዕዳው በሚያደላ መንገድ ነው። ስለዚህ "ማንኛውም ሒሳብ" የሚለው ቃል "የሚስትህን ድርሻም ጭምር" ማለት ይሁን አይሁን ሲያጠራጥር፣ ጥርጣሬው ለጻፈው ሳይሆን ለፈረመው ነው የሚጠቅመው።

ማስጠንቀቂያም እንደዚሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መነሻው፣ አንድ ሰው ግዴታውን አልፈጸመም ከማለት በፊት "ፈጽም" ብሎ ማስጠንቀቅ ነው፤ ከአንቀጽ 1772 ጀምሮ ተጽፏል። በውል ሊቀር ይችላል፤ ይህንን አልክድም። ግን ሊቀር ይችላል ማለትና ቢቀር ይሻላል ማለት ለየቅል ነው። የአንድ ስልክ መልእክት ዋጋ ስንት ነው? "ውዝፍህ ይህን ያህል ደርሷል፤ በዚህ ቀን ከሒሳብህ እንቀንሳለን፤ ቅር የሚልህ ካለ ቀርበህ አስረዳ" ብሎ መጻፍ ባንክ አያከስርም። ሎተሪና ሽልማት ሲኖራቸው ሌሊት ሳይቀር መልእክት መላክ ያውቁበት የለ!

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልምጣ፤ ወደ ደመወዝ።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ምን ይላል መሰላችሁ? አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶ ሊበልጥ አይችልም ይላል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 404 ላይ ፍርድ ሲፈጸም የማይነኩ ነገሮችን ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ የሰውየው የገቢው ሁለት ሦስተኛ ነው። ዳኛ ተቀምጦ፣ ማስረጃ ተሰምቶ፣ ፍርድ ተሰጥቶ እንኳ ሲሶው እንጂ ሁሉም አይወሰድም። ለምን? ሕግ አውጪው ባለዕዳም ይበላል፤ ባለዕዳም ልጅ አለው ብሎ ስላሰበ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የወር ደመወዙ 9 ሺሕ ብር የሆነ መምህር አለ እንበል። የወር ክፍያው 4 ሺሕ ነው፤ ሦስት ወር ቀርቶበታል፤ ውዝፉ 12 ሺሕ ደረሰ። አሠሪው ዕዳ ቢኖርበት ከ3 ሺሕ በላይ አይቆርጥበትም። ባንኩ ከሶት ቢረታውና ፍርዱ በደመወዙ ላይ ቢፈጸም፣ በወር 3 ሺሕ ተወስዶ 6 ሺሕ ይተርፈዋል። ነገር ግን ያው ደመወዝ ባንክ ገብቶ አንዲት ሌሊት ሲያድር ባንኩ 9 ሺሑንም ጠራርጎ ይወስደዋል። ፍርድ ያለው ሲሶ ሲወስድ፣ ፍርድ የሌለው ሁሉን ወሰደ! ይኼ በየትኛው ሚዛን ነው ልክ የሚሆነው? ያው ብር፣ ያው ሰው፣ ያው ዕዳ! የተለየው ብሩ ያለፈበት በር ብቻ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ሕጎች የሚናገሩት ስለ አሠሪና ስለ ፍርድ ቤት ነው፤ ባንክን በስሙ አይጠሩም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በወጣበት ዘመን ደመወዝ የሚከፈለው በእጅ ነበር። ሠራተኛው ፈርሞ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ይከታል። ዛሬ ግን መንግሥትም ሆነ ድርጅት "ደመወዝህ በባንክ ነው፤ ሒሳብ ክፈት" ይላል። በሩን የመረጠው ሠራተኛው አይደለም። በግድ በባንክ በር እለፍ ከተባለ፣ ሕግ የሰጠው ጥበቃ በሩ ላይ ሊገፈፍ አይገባም። ሕግ ሊሻሻል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

እርግጥ ባንኮች ጉልበት ያገኙት ዛሬ አይደለም። ኢሕአዴግ በሥልጣን ላይ በነበረበት በ1990 ዓ.ም. በመያዣ ስለተያዘ ንብረት አዋጅ ቁጥር 97 ወጣ። ከዚያ በፊት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መያዣን ያለ ፍርድ ቤት ልሽጥ የሚል ውል ዋጋ አልነበረውም። አዋጁ ይህንን ለባንኮች ገለበጠላቸው። ውል ካለ ባንክ ቤትህን በራሱ ሐራጅ መሸጥ ይችላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያ አዋጅ እንኳ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። ባንኩ ሕጉን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳትም ተጠያቂ ነው ይላል። እንግዲህ ለቤት 30 ቀን ከተሰጠ፣ ለዳቦ መግዣ ስንት ቀን ይሰጥ? አንድም ቀን! ቤት የሌለው፣ በደመወዙ ብቻ የሚኖር ሰው ከባለቤቱ ያነሰ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ በዘመናዊ መሣሪያ ደግሞ እየተባባሰ ነው። ዛሬ ብድር በስልክ ይገኛል። መስኮት የለ፣ ጸሐፊ የለ፤ "እስማማለሁ" የምትለዋን መጫን ብቻ ነው። ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስደው ማለት ነው። ስልክ ላይ ሆኖ ሃያ ገጽ ውል የሚያነብ ማን አለ? ገንዘብ በደቂቃ እንደሚገባ ሁሉ በደቂቃ ይወጣል። ያ መልካም ነው፤ ግን የመቁረጡ ፍጥነት የመቃወሚያ ፋታ ካልጨመረ አደጋ ነው።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ባንኩ የራሱ ያልሆነ ገንዘብ የወሰደ ይመልስ አለ፤ ብዙው ሰው መለሰ፤ ያልመለሱትን ደግሞ ስምና ፎቶግራፍ ለጠፈ። ያ ያለ አግባብ የተገኘን ገንዘብ ማስመለስ ነው እንጂ የብድር ማቻቻል አይደለም። የእኔ ትዝብት ሌላ ነው። ባንክ ራሱ ሲጎዳ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ቀነ ገደብ መስጠት፣ ሰው በሰላም እንዲመልስ መለመን ይችላል። ይኸው ትዕግሥት ለደመወዝተኛው ውዝፍ ሲሆን የት ይገባል?

ትልልቆቹስ? የስኳር፣ የባቡር፣ የሌላም የመንግሥት ድርጅት ብድር ሳይከፈል ሲከማች የማንም ሒሳብ በአንድ ሌሊት አልተጠረገም። በ2013 ዓ.ም. ዕዳቸውን የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመላቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንክን አቅም ለመጠገን እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ በፓርላማ ጸደቀ። ባንኩ መዳኑን አልቃወምም፤ የእናንተ ቁጠባ ያለው እዚያ ነው። ግን ፍርዱን ተመልከቱ። ቢሊዮን የተበደረው "አቅሙ እስኪጠነክር ይታገሥ" ይባላል፤ 12 ሺሕ የቀረበት መምህር አንድ ወር አይታገሡትም። የትልቁ ዕዳ የሕዝብ ዕዳ ይሆናል፤ የትንሹ ዕዳ የትንሹ እራት ይሆናል!

በሌላውም አገር ባንክ ከባለዕዳ ሒሳብ ይቀንሳል። ግን አጥሩን አጥብቀውታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሕግ፣ ባንክ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ደንበኛው በጽሑፍ ሳይፈቅድለት ከተቀማጭ ሒሳቡ እንዳይቀንስ ከልክለዋል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማንም ሰው ሒሳቡን ወደ "ጥበቃ ያለው ሒሳብ" እንዲያስለውጥ ፈቅደዋል፤ በየወሩ ለኑሮ የሚያስፈልገው መጠን በፍርድ አፈጻጸም አይነካም። የእነሱ ባንኮች በዚህ ምክንያት አልተዘጉም።

የባንኮቹ መከራከሪያ ይገባኛል። "የምናበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ ካልሰበሰብን እናንተው ትጎዳላችሁ፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል" ይላሉ። እውነት አለው። የተበደረ ይክፈል! ብድር በልቶ መሸሽን የሚደግፍ ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ይዘገያል ተብሎ ዳኝነቱ ለከሳሹ አይሰጥም። የፍርድ ቤት መዘግየት መድኃኒቱ ፍርድ ቤትን ማፍጠን ነው። ደግሞስ ሙሉ ደመወዙን የተወሰደበት ሰው ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ወር ደመወዙ በሌላ ባንክ እንዲገባለት ይጠይቃል፤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። ሲሶ ቢወሰድበት ግን እየበላ ይከፍላል። በየወሩ ሲሶ የሚያገኝ ባንክ አንድ ጊዜ ሁሉን ወስዶ ደንበኛ ከሚያጣ ባንክ አይሻልም?

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከደመወዝ ሒሳብ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ ለባንክም በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመቀነሱ በፊት ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ማስጠንቀቂያና መልስ የሚሰጥበት ቀን ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የጋራ ሒሳብና የዋስ ሒሳብ ያለ ዳኛ አይነካ። አራተኛ፣ ክርክር ያለበት ገንዘብ ክርክሩ እስኪያልቅ ይቆይ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ መውጣቱ መልካም ነው፤ ግን መመሪያ በመደርደሪያ ላይ ደመወዝ አይጠብቅም። ሥራ ላይ ሲውል እንይ።

እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ስትበደሩ የውሉን ቅጂ ተቀበሉ፤ ያለ ቅጂ አትፈርሙ። ችግር ሲመጣ አትደበቁ፤ ክፍያው ከማለፉ በፊት በጽሑፍ "ይራዘምልኝ" ብላችሁ አመልክቱ፤ ገቢ ያደረጋችሁበትን ቅጂ ያዙ። ከተቆረጠባችሁ በስንት ብር ወለድ፣ በስንት ቅጣት፣ በስንት ዋና ገንዘብ እንደተያዘ ዝርዝር ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ክፍያ መጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ መጨረሻ ለዋናው ገንዘብ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ "ይህን ሁሉ ወስደው ዕዳዬ አልቀነሰም" ብላችሁ ከመደንገጥ በፊት ሒሳቡን እዩ። ቅሬታችሁን መጀመሪያ ለባንኩ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ካልሰማ ለብሔራዊ ባንክ፤ ካልሆነም ለፍርድ ቤት። በቃል የተነገረ ቅሬታ መስኮቱ ላይ ይቀራል።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ። ባንክም ደንበኛውን ያለ ፍርድ ሲጠርግ የሚያሳጥረው የራሱን ገመድ ነው። ገንዘባችንን እዚያ የምናስቀምጠው ከሌባ ይጠብቅልናል ብለን ነው። ሰው ከባንክ ይልቅ ፍራሹን ማመን ከጀመረ የሚጎዳው ማን እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

ባለዕዳ ነን፤ እንከፍላለን። ግን ባለዕዳም ዳኛ አለው።